ጅብ የማን ዘመድ ነው? የውሻ ወይስ የድመት?

ጥያቄ፦ «ሐረር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ጅብን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሰሞኑን የ8ኛ ክፍል ተማሪ ልጄ ‹ጅብ ከውሻ ይልቅ ለድመት ይቀርባል ብለው አስተማሩን› አለችኝ። ሳቅኩባት። ቁመናው፣ አፍንጫው፣ አሯሯጡ ሁሉ ውሻ አይደል እንዴ? ሳይንቲስቶች ይሄን በምን አወቁ? ዲኤንኤ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ማስረጃ አለ? ደግሞስ ማን ነው የሚወስነው?»

ምላሽ፦ መልሱን ላስቀድም። ልጅዎ ትክክል ናት፤ መምህሯም እንደዚሁ። ግን አንዲት ማስተካከያ አለችኝ። ጅብ ከውሻ ይልቅ ለድመት ይቀርባል ማለት፣ የጅብ የቅርብ ዘመድ ድመት ነው ማለት አይደለም። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ለጅብ በጣም የሚቀርቡት ሞንጉሶችና የማዳጋስካር ዘመዶቻቸው ናቸው። ሞንጉስ ያ እባብ በመግደል ስሙ የወጣው፣ እግሩ አጭር፣ ሰውነቱ ረዘም ያለ ትንሽ እንስሳ ነው። ቀጥሎ እነ ጥርኝና ሸለምጥማጥ ይመጣሉ። እነ ድመት፣ አንበሳና ነብር ከእነሱ ትንሽ ራቅ ይላሉ። ውሻ ግን ጭራሽ በሌላው ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ከድብና ከባሕር አንበሳ ጋር።

አዎ፣ በትክክል ነው ያነበቡት። ውሻ ከጅብ ይልቅ ለባሕር አንበሳ ይቀርባል።

ስለ ሳቁ ደግሞ ብዙ አይጨነቁ። ከእርስዎ ጋር የሚስማማ ትልቅ ሰው አለ። የዛሬው የእንስሳት አሰያየም አባት የሚባለው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 ባወጣው መዝገብ ላይ ባለ ሸንተረሩን ጅብ «ካኒስ ሃየና» ብሎ አስገባው። ካኒስ የውሻ ወገን ነው። በ1777 ደግሞ ኤርክስሌበን የሚባል ጀርመናዊ ባለ ነጠብጣቡን ጅብ፣ ማለትም የእናንተን የሐረሩን ጅብ፣ «ካኒስ ክሮኩታ» አለው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ስለዚህ የእርስዎ ዓይን ያየውን የሊኔየስም ዓይን አይቶታል። እኛም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያልን ሁለቱን አብረን ማንሳት ለምዶብናል።

ችግሩ ሊኔየስ ሲመድብ የነበረው በመልክ መሆኑ ነው። የሚመሳሰለውን ከሚመሳሰለው ጋር ያስቀምጣል፤ ለምን ተመሳሰሉ ብሎ አይጠይቅም። በእሱ ዘመን ዝርያዎች ከጥንት ከአንድ ቅድመ አያት ወረዱ የሚለው ሐሳብ ገና ቦታ አላገኘም። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 መጽሐፉን ሲያወጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሥዕል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እየተከፋፈለ የሚወጣ የቅርንጫፍ ሥዕል ነው። ዳርዊን በአጭሩ ያለው ይሄ ነው፦ እንስሳትን በትክክል መመደብ ማለት የዘር ሐረጋቸውን መከተል ማለት ነው።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን የዘር ሐረጉን ማን አይቶት? ጅብ የልደት ሰርተፊኬት የለውም። ከዳርዊን በኋላ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሥራው በአብዛኛው በባለሙያው ዓይንና ልምድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። አንዱ አዋቂ «ለእኔ ይሄ ከዚያ ጋር ይሄዳል» ይላል፣ ሌላው አዋቂ አይሄድም ይላል። ክርክሩን የሚፈታ የጋራ መለኪያ አልነበረም።

መለኪያውን ያበጀው ዊሊ ሄኒግ የሚባል ጀርመናዊ ነው። ሰውየው የዝንብ ባለሙያ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በእንግሊዞች እጅ ምርኮኛ ሆኖ ሳለ የጀመረውን ጽሑፍ በ1950 በጀርመንኛ አሳተመው። ብዙ ሰው አላነበበውም። በ1966 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ግን የሙያውን መልክ ለወጠው። ዋና ነጥቡ አንድ ነው፤ የዚህ መልስ እምብርትም እሱ ነው፦ ዝምድናን የሚያሳየው መመሳሰል ሁሉ ሳይሆን፣ በአዲስ ለውጥ መመሳሰል ብቻ ነው።

ይሄን በደንብ ላብራራው። አንድ የብራና መጽሐፍ አለ እንበል፤ ከእሱ እየተገለበጡ ብዙ ቅጂዎች ወጥተዋል። ዋናው ጠፍቷል። የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደተገለበጠ ማወቅ ፈለጉ። ሁለት ቅጂዎች አንድ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ቢኖራቸው ምንም አይነግርዎትም፤ ዋናው ላይ የነበረ ስለሆነ ሁሉም ሊኖረው ይችላል። አንዱ ቅጂ ላይ ብቻ ያለ ስህተትም ስለዚያ ጸሐፊ እንጂ ስለ ዝምድና አይናገርም። ሁለት ቅጂዎች ግን አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት መስመር ዘለው ቢገኙ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያን መስመር የዘለለ አንድ ጸሐፊ ነበረ፣ ሁለቱም ከእሱ ቅጂ ወርሰዋል። የጥንት ጽሑፍ የሚመረምሩ ሰዎች ይሄን ዘዴ ከሥነ ሕይወት ሰዎች በፊት ያውቁት ነበር።

እንግዲህ በዚህ መነጽር ጅባችንን እንየው።

መጀመሪያ ጥርሱ። ውሻም ድመትም ጅብም በጎን በኩል እንደ መቀስ እየተፋጩ ሥጋ የሚቆርጡ ትልልቅ ጥርሶች አሏቸው። ላይኛው የመጨረሻው የፊት መንጋጋ ጥርስ፣ ታችኛው ደግሞ የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ነው። ውሻዎ አጥንት ሲግጥ ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዘንብሎ የሚነክሰው በእነዚህ ነው። ይሄ ጥርስ ሥጋ በሎቹ ሁሉ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን ያሳያል። ነገር ግን የእኛን ጥያቄ አይመልስም። ከሦስቱም በፊት የነበረው ቅድመ አያት ጥርሱን ስለያዘው ሦስቱም ወርሰውታል።

የማይገባው ጥፍርስ? ድመት ጥፍሯን ትደብቃለች፣ ውሻና ጅብ አይደብቁም። እዚህ ላይ ጅብ ከውሻ ጋር ተመሳሰለ። ግን ጥፍርን አለመደበቅ አዲስ ነገር አይደለም፤ ብዙ አጥቢ እንስሳት እንዲሁ ናቸው። አዲሱ ለውጥ የድመቷ ነው። እንግዲህ ጅብና ውሻ እዚህ ላይ የሚመሳሰሉት ሁለቱም የድመትን ለውጥ ባለማድረጋቸው ነው። ባለማድረግ ዘመድ አይኮንም።

ሴቷ ባለ ነጠብጣብ ጅብ ደግሞ ከውጭ ሲያዩዋት የወንድ የመሰለ ብልት አላት። ከጥንት ጀምሮ ጅብ ሁለት ጾታ አለው እያሰኘ ሲያስወራ የኖረው ይሄ ነው። የሚገርም ነገር ነው፤ ለዝምድና ጥያቄ ግን ፋይዳ የለውም። ሌሎቹ ጅቦች እንኳ የላቸውም። የብቻ ለውጥ የብቻ ነው።

አሁን ወጥመዱ ይመጣል። በታችኛው መንጋጋ፣ ከዚያ ሥጋ ቆራጭ ጥርስ በስተኋላ ያለውን እንቁጠር። ውሻ በየጎኑ ሁለት ትናንሽ ጥርሶች አሉት። ድመት ምንም የላትም። ጅብም ምንም የለውም። አያችሁ፣ ጅብና ድመት አንድ ሆኑ! ጥርስ ማጣት ደግሞ አዲስ ለውጥ ነው። ተማሪዎች እዚህ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ተደስተው መጽሐፉን ይዘጋሉ።

አትዝጉት። ሞንጉስንና ጥርኝን ስናይ ያ ጥርስ በቦታው አለ፤ በየጎኑ አንድ። የጥንቶቹ ጅቦች ቅሪተ አካል ላይም አለ። ማለትም ጅብ ጥርሱን ያጣው ከድመት ጋር ሳይሆን በራሱ መንገድ፣ በኋላ ነው። ድመትም በራሷ መንገድ አጥታዋለች። ሁለቱም ወደ ሥጋ ብቻ ስላዘነበሉ መፍጫ ጥርሱ ሥራ አጣ። መልሱ ትክክል ሆኖ ማስረጃው የተሳሳተ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሙያ ውስጥ በጣም የሚያስፈራኝ እንዲህ ዓይነቱ ነው።

ኑሮ ሲመሳሰል አካል ይመሳሰላል። ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ብፈልግ የማመጣው የታዝማኒያውን ተኩላ ነው፤ ታዝማኒያ የአውስትራሊያ ደሴት ናት። ጭንቅላቱን ከውሻ ጭንቅላት አጠገብ ቢያስቀምጡልዎ መለየት ይከብዳል። እንስሳው ግን እንደ ካንጋሩ ግልገሉን በከረጢት የሚያሳድግ ነበር፤ ከውሻ ይልቅ ለካንጋሩ ይቀርባል። የመጨረሻው በ1936 በሆባርት ከተማ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞተ።

የጅብና የውሻ ታሪክም ከዚህ ጋር ይገናኛል፤ እኔም ከሁሉ የምወደው ይሄን ክፍል ነው። የውሻ ቤተሰብ የተገኘው በሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ኖረ። ወደ እስያ፣ አውሮፓና አፍሪካ የተሻገረው ከ7 ወይም 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። እስከዚያ ድረስ በእኛ በኩል እንደ ውሻ የሚሮጥ፣ እንደ ቀበሮ ያገኘውን የሚበላ ማን ነበር? ጅቦች። ያኔ ጅብ ዛሬ እንደምናውቀው አጥንት ሰባሪ ብቻ አልነበረም። ቀጠን ያሉ፣ እግረ ረጅም፣ ቀበሮ የሚያካክሉ ብዙ ዓይነት ጅቦች ነበሩ፤ ቅሪታቸው ከአውሮፓ እስከ ቻይና ይገኛል። በአሜሪካ በኩል ደግሞ ያኔ ጅብ ስላልነበረ አጥንት የመስበሩን ሥራ ራሳቸው ውሾቹ ያዙት። ቦሮፋጂን የሚባሉት፣ መንጋጋቸው የደነደነ፣ ፊታቸው አጠር ያለ፣ ዛሬ ጠፍተው ያለቁ ውሾች ናቸው። እንግዲህ ባንዱ አህጉር ውሻ ጅብን መሰለ፣ በሌላው ጅብ ውሻን መሰለ። እውነተኞቹ ውሾች ሲሻገሩ ውሻ መሰሎቹ ጅቦች እየመነመኑ ሄዱ። ውድድሩ ብቻ ነው ያጠፋቸው ወይስ የአየር ንብረቱም ተለውጦ ነው የሚለው ያከራክራል። የቀሩት አራት ዝርያዎች ናቸው። ሦስቱ እኛ አገር አሉ፦ ባለ ነጠብጣቡ፣ ባለ ሸንተረሩና አርድዎልፍ የሚባለው ትንሹ። ይሄኛው ሥጋ ትቶ ምስጥ እየላሰ የሚኖር ጨዋ ጅብ ነው። አራተኛው ቡናማው ጅብ የደቡብ አፍሪካ አካባቢ ነዋሪ ነው።

ታዲያ መልክ እንዲህ የሚያታልል ከሆነ ከዲኤንኤ በፊት የነበሩ ሰዎች እውነቱን በምን ደረሱበት? ደርሰውበታል። በ1869 ዊልያም ፍላወር የሚባል እንግሊዛዊ የሥጋ በሎችን ጭንቅላት ገልብጦ ከሥር በኩል አጠና። ከጆሮ ቀዳዳ በታች እንደ ግማሽ እንቁላል ያበጠ ባዶ አጥንት አለ፤ የመሃል ጆሮን ይሸፍናል። በድመት በኩል ባሉት ይህ እብጠት ከሁለት የተለያዩ አጥንቶች የተሠራ ሲሆን በመሃል ግድግዳ ይከፍለዋል። በውሻና በድብ በኩል እንዲህ ያለ ሙሉ ክፍፍል የለም። ፍላወር ይህንን ከሌሎች የጭንቅላት ሥር ምልክቶች ጋር አንድ ላይ አይቶ ጅብን ከእነ ድመት፣ ጥርኝና ሞንጉስ ጋር አስቀመጠው።

ለምን ጆሮ ሥር ያለ አጥንት ከእግርና ከጥርስ የተሻለ ምስክር ሆነ? ምግብ ሲለወጥ ጥርስ ቶሎ ይለወጣል። ሩጫ ሲያስፈልግ እግር ይረዝማል። የዚያ አጥንት ውስጣዊ አሠራር ግን በኑሮ ለውጥ ቶሎ አይነካካም፤ የቆየውን ይዞ ይኖራል። ፍጹም ምስክር ነው ግን አልልም። በጅብ ላይ የዚህ እብጠት መልክ ከድመቷ በጣም ይለያል፤ በእሱ ብቻ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ለዚህ ነው ባለሙያ አንድ ምልክት ይዞ የማይሟገተው። ሌላም አለ፤ ለምሳሌ ጅብ ከጅራቱ ሥር ካለ ከረጢት የሚያወጣው የሚሸት ቅባት። ወሰኑን ለማመልከት የሣር አገዳ ላይ ይለቀልቀዋል። ሞንጉሶችም ተመሳሳይ ከረጢት አላቸው።

ወደ ዲኤንኤው እንምጣ። ሰዎች ዲኤንኤ ሲባል ማሽኑ ውስጥ ደም ጨምረን «ዘመድ ነው፣ አይደለም» የሚል ወረቀት የሚወጣ ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። የሚወጣው በአራት ፊደላት የተጻፈ በጣም ረጅም ጽሑፍ ነው። ፊደላቱን ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ እንላቸዋለን። አተረጓጎሙ እላይ ካየነው ጋር አንድ ነው፤ አዲሱን ለውጥ ከነባሩ መለየት።

በትንሹ ላሳይዎ። ፊደላቱን ለማሳያ እኔው ነኝ ያስቀመጥኳቸው። አራት እንስሳት እንያዝ፦ ውሻ፣ ድመት፣ ጅብ እና ፈረስ። ፈረስ ምን ሊሠራ ገባ? እሱ ከሥጋ በሎቹ ቤተሰብ ውጭ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ነባሩ ምን እንደነበር ይጠቁመናል።

አንደኛ ቦታ ላይ ፈረስ ኤ፣ ውሻ ኤ፣ ድመት ጂ፣ ጅብ ጂ አላቸው። ነባሩ ኤ ነው፣ አዲሱ ጂ ነው። አዲሱን የሚጋሩት ድመትና ጅብ ናቸው። ይሄ ለልጅዎ አንድ ድምፅ ነው።

ሁለተኛ ቦታ ላይ ፈረስ፣ ድመትና ጅብ ሲ አላቸው፣ ውሻ ብቻ ቲ አለው። እዚህም ድመትና ጅብ ተመሳሰሉ። ግን የተለወጠው ውሻ ነው፤ እነሱ ባሉበት ነው የቆሙት። ይሄ ድምፅ አይቆጠርም።

ሦስተኛ ቦታ ላይ ፈረስና ድመት ጂ፣ ውሻና ጅብ ኤ አላቸው። ይሄ ለእርስዎ አንድ ድምፅ ነው!

እንግዲህ በሦስት ፊደል ብቻ ብንወስን አንድ ለአንድ አቻ ወጣን። አራት ፊደላት ብቻ ስላሉ ሁለት እንስሳት በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ለውጥ ማድረጋቸው የተለመደ ነው። መፍትሔው ቁጥር ነው። በሺዎች፣ ዛሬ ደግሞ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ቦታዎች ይነበባሉ። አጋጣሚው ወዲያና ወዲህ ይበታተናል፤ እውነተኛው የዘር ምልክት ግን በአንድ አቅጣጫ ይከማቻል። ኮምፒውተሩ ብዙ ሊሆኑ የሚችሉ የዛፍ ቅርጾችን እየሠራ የትኛው ይህን ሁሉ መረጃ በተሻለ ያስረዳል ብሎ ያወዳድራል። ከዚያም ከመረጃው የተወሰነውን እያወጣና እየደገመ መልሱ ይናወጥ እንደሆነ ይፈትሻል። የጅብ ጉዳይ በዚህ ፈተና አይናወጥም። ከእናት በሚወረሰው ዲኤንኤም ተሞከረ፣ ከሁለቱም ወላጅ በሚወረሰውም ተሞከረ፤ ጅብ ከእነ ሞንጉስ ጎን ይቀመጣል።

ከፊደል ለውጥ የበለጠ የሚያስተማምን ሌላ ምልክትም አለ። በዲኤንኤ ውስጥ ራሳቸውን እየገለበጡ ሌላ ቦታ የሚሰነቀሩ ቁርጥራጮች አሉ። አንድ ቁራጭ ከቢሊዮኖች ቦታ ውስጥ በሁለት ዝርያዎች ላይ እዚያው ቦታ ላይ በአጋጣሚ መሰንቀሩ የማይመስል ነገር ነው። በዚህ ዘዴ በ1990ዎቹ መጨረሻ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ጉማሬን ከዓሣ ነባሪ ጋር አገናኙት። ከጉማሬና ከዓሣ ነባሪ ውጭ ሌላ እንስሳ ላይ የሌሉ ስንቅሮች ተገኙ። ጉማሬ ከአሳማ ይልቅ ለዓሣ ነባሪ ይቀርባል ሲባል ብዙ የቅሪተ አካል ሰዎች አልተዋጠላቸውም ነበር። በ2001 ግን ከፓኪስታን የጥንት ዓሣ ነባሪ ቁርጭምጭሚት ወጣ። እግር የነበራቸው ዓሣ ነባሪዎች ናቸው። ያ የቁርጭምጭሚት አጥንት በሁለቱም ጫፍ እንደ መዘውር የተቦረቦረ ነው፤ እንዲህ ያለው የሚገኘው በበግ፣ በላም፣ በጉማሬና በመሰሎቻቸው ላይ ብቻ ነው። በግ ያረደ ሰው ያን አጥንት በእጁ ይዞት ያውቃል። ዲኤንኤውና አጥንቱ ተጠባብቀው ቆይተው ተገናኙ ማለት ነው። ስለዚህ «ዲኤንኤ ብቻ ነው ወይ?» ላሉት መልሴ፣ አይደለም ነው። ደግሞም ከጠፉ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት ካለፋቸው እንስሳት ዲኤንኤ አይገኝም፤ ለእነሱ ያለን አጥንት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ግልጽ ይሁን። ጅብ ከድመት አልመጣም፣ ድመትም ከጅብ አልመጣችም። ሁለቱም ከሌላ፣ ድመትም ጅብም ካልነበረ ትንሽ ሥጋ በል ወረዱ። የጅብ ሐረግ ከእነ ሞንጉስ የተለየው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው ተብሎ ይገመታል። የድመትና የውሻ ቅርንጫፎች መለያየት ከዚያ በፊት ነው፤ ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይሆነዋል። «ይቀርባል» ስንል የምንለካው ይሄን ነው፤ የጋራ ቅድመ አያታቸው ምን ያህል ቅርብ ጊዜ ኖረ የሚለውን። መልክ፣ ጠባይ፣ አስተዋይነት የሚለካበት ሚዛን አይደለም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጠንካራ ደንብ አለ። ትክክለኛ ምድብ የሚባለው አንድ ቅድመ አያትንና ልጆቹን ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ የያዘ ነው። መልኩ ስለተለወጠ አንዱን ልጅ አውጥቶ መጣል አይቻልም። ይህ ደንብ ብዙ የለመድናቸውን ምድቦች ያፈርሳል። አዞ ከእንሽላሊት ይልቅ ለዶሮ ይቀርባል። ስለዚህ እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው «ተሳቢ እንስሳት» የሚለው መደብ ወፎችን ካላስገባ የተሟላ ቤተሰብ አይደለም። ዓሣም እንዲሁ ነው፤ ሳንባ ያለው ዓሣ ከቱና ይልቅ ለእኔና ለእርስዎ ይቀርባል። እነዚህን ቃላት በኑሯችን መጠቀም አንተውም፣ መተውም የለብንም። ዓሣ ገበያ ሄዶ ስለ ዘር ሐረግ የሚከራከር ሰው ዓሣ ሳይገዛ ነው የሚመለሰው። በዝምድና ዛፍ ላይ ግን ቦታ የላቸውም።

አስተኔ፣ ክፍለ መደብ፣ መደብ የሚሉት ደረጃዎችስ? በእነሱ ብዙ አልጨነቅም። ቅርንጫፉ በተፈጥሮ አለ። ለቅርንጫፉ «አስተኔ» የሚል ማዕረግ መስጠት ግን የእኛ ስምምነት ነው። ልጆች ፈተና ላይ ስለሚጠየቁት ይሸምድዱት፤ ዋናው ግን ማን ከማን ጋር ቅድመ አያት ይጋራል የሚለው ነው።

«ማን ነው የሚወስነው?» ላሉት ደግሞ፣ ወሳኝ ዳኛ የለም። ስም አሰጣጥን የሚመራ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን አለ፤ በ1895 የተቋቋመ ነው። የእሱ ሥራ ስሞች እንዳይምታቱ ማድረግ ነው፦ ቀድሞ የወጣው ስም የትኛው ነው፣ በደንቡ መሠረት ታትሟል ወይ የመሳሰለውን ያያል። ጅብ ከድመት ጎን ይሁን ከውሻ ጎን ብሎ አይፈርድም። ያ የሚወሰነው በክርክር ነው። አንዱ መረጃውን ያሳትማል፣ ሌላው ያንኑ መረጃ ወስዶ ይፈትሻል፣ ሦስተኛው አዲስ ቅሪተ አካል ይዞ ይመጣል። ማስረጃው ሲበዛ አብዛኛው ባለሙያ ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባል። ዝግ ያለ መንገድ ነው፤ የተሻለ ግን አልተገኘም።

ስለዚህ ወደፊት ይሄም ይለወጥ ይሆን ብለው ቢጠይቁ፣ የጅቡ ጉዳይ የሚለወጥ አይመስለኝም። የውሻው በኩል ግን በቅርቡም ሲናወጥ ነው የከረመው፤ እሱም ከእኛ አገር ጋር የተያያዘ ነው። በ1994 የባሌና የሰሜን ተራሮች ቀይ ቀበሮ ዲኤንኤ ሲመረመር ከሌሎቹ የአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ለተኩላ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ በ2015 በሰሜንና በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖረው፣ እስከዚያ ድረስ ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አንድ ዝርያ ተደርጎ ሲቆጠር የነበረው እንስሳ ሌላ ዝርያ መሆኑ ታወቀ። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በመልክ ብቻ ነው። የአፍሪካ ወርቃማ ተኩላ ተባለ። በእኛ ደጋም ይገኛል።

በ2018 ደግሞ ነገሩ የባሰ ተወሳሰበ። የዚህ የአፍሪካ ወርቃማ ተኩላ ሙሉ ዲኤንኤ ሲነበብ ከሁለት ወገን የተዳቀለ ሆኖ ተገኘ። አብዛኛው የግራጫ ተኩላ ነው። ከሩብ ትንሽ የሚበልጠው ግን ከእኛው ቀይ ቀበሮ፣ ወይም ለእሱ በጣም ቅርብ ከሆነ ዘመዱ የመጣ ነው። አንድ ጸሐፊ ሁለት ቅጂ አጠገቡ ዘርግቶ ከሁለቱም እየመረጠ ሲገለብጥ እንደሚሆነው ማለት ነው፤ የትኛው «አባቱ» እንደሆነ ብትጠይቁ መልሱ ሁለቱም ይሆናል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣ ቅርንጫፎቹ ተለያይተው ብቻ አይቀሩም፤ አንዳንዴ ተመልሰው ይገናኛሉ። እንስሳቱ ገና በቅርቡ የተለያዩ ከሆኑ መዳቀሉ ይቻላል። ለጅብና ለድመት ግን ያ በር ከተዘጋ በጣም ቆይቷል።

ቀይ ቀበሮ ዛሬ በቁጥር ጥቂት መቶ ብቻ የቀረ፣ ከኢትዮጵያ ተራሮች ውጭ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ከዘሩ የተወሰነው ግን በሌላ እንስሳ ውስጥ ሆኖ ከሴኔጋል እስከ ግብፅ ይሮጣል።